ዓይኑ ያበጠ ልጅ፦ ኬሞውንም ጨረሩንም አስጨርሱት

በፎቶ ላይ የልጁ ብሌን ነጭ ሆኖ ሲያበራ በጊዜ የደረሰ ቤተሰብ ዓይኑን ጭምር ሊያተርፍ ይችላል። ይህን የምጽፈው ግን ያ ጊዜ ላለፈባችሁ፣ የልጃችሁ ዓይን አብጦ ወደ ውጭ ለገፋባችሁ ነው። ሬቲኖብላስቶማ (የልጆች የዓይን ካንሰር) እዚህ ደርሶም ይታከማል። ግን ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት)፣ ቀዶ ጥገናና ጨረር ተራ በተራ ያስፈልጉታል።

መጀመሪያ ኤምአርአይ (የውስጥ አካልን የሚያሳይ ምርመራ) ይታዘዛል። ከጀርባ ፈሳሽና ከመቅኒም ናሙና ይወሰዳል። ልጁ ሲያለቅስ አንጀት ይበላል፤ ቢሆንም አትዝለሉት፣ በሽታው መዛመት አለመዛመቱ የሚታወቀው በዚህ ነው።

ከዚያ ኬሞ። ብዙ ጊዜ ቪንክሪስቲን፣ ኢቶፖሳይድና ካርቦፕላቲን የሚባሉ መድኃኒቶች በየ3 ሳምንቱ ገደማ ይሰጣሉ። ቤት ውስጥ ቴርሞሜትር ይኑራችሁ። ሙቀቱ 38 ካለፈ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ውሰዱት፣ እስኪነጋ አትጠብቁ። ካርቦፕላቲን ጆሮ ሊጎዳ ስለሚችል የመስማት ምርመራም ጠይቁ።

ከጥቂት ዙር በኋላ እብጠቱ ይሟሽሻል። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄኔ ነው። ልጁ መጫወት ይጀምራል፣ ከክፍለ ሀገር የመጣው ቤተሰብ ብሩን ጨርሷል፣ ዓይኑ ይወጣል ሲባል ደግሞ ይደነግጣልና «ተሽሎታል» ብሎ ወደ አገሩ ይመለሳል። እባካችሁ አትመለሱ! እብጠቱ የቀነሰው ዓይኑን በደንብ ለማውጣት እንዲመች ነው፣ በሽታው ውስጥ አለ። በሽታው ተመልሶ ሲያገረሽ መድኃኒቱን ሊላመደውና ላይበገርለት ይችላል። ጠበል ከወሰዳችሁትም ለሐኪሙ ነግራችሁ፣ ቀጠሮ ሳታሳልፉ ይሁን።

የጨረሩን ነገር ኬሞ ሲጀመር አንሱት። ጥቁር አንበሳ ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ማዕከል ነበር፣ ወረፋው ዛሬም ቀላል አይደለም። ጨረሩ ብዙውን ጊዜ በሳምንት 5 ቀን፣ ለ4 ወይም ለ5 ሳምንት ነው። ሲሰጥ አያምም። ትንሽ ልጅ ግን ፀጥ ብሎ ስለማይተኛ ማደንዘዣ ይሰጠዋል። ስለዚህ ማደንዘዣው ሊሰጥ 6 ሰዓት ሲቀረው ምግብ፣ 4 ሰዓት ሲቀረው ደግሞ የእናት ጡት ይቁም። ቆዳው ሲቀላ ቅቤም ሆነ ያልታዘዘ ቅባት አትቀቡት።

ከጨረሩ በኋላ ኬሞው ይቀጥላል፣ በጠቅላላው 12 ዙር ሊደርስ ይችላል። ሰው ሠራሽ ዓይን የሚገባለት ቦታው ሲድን ነው።

አንዳንዱ በዘር ስለሚተላለፍ ወንድምና እህቶቹንም አስመርምሩ። ታናሽ ከተወለደ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዓይኑ ይታይ።