ሐይቅ ላይ የምትንሳፈፍ ባለካቢን ጀልባ ስትመርጡ የሚሠሩ ስህተቶች

ኮምቦልቻ ብየዳ የሚያውቅ ሰው ሞልቷል። ደሴም ጎበዝ አናጢ አይጠፋም። ሐይቅ ከተማ ደግሞ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ በመኪና የምትጎተት፣ ሁለት ሰው የሚያድርባት ባለካቢን ጀልባ እዚሁ መሥራት ይቻላል። እኔና ወንድሜ ሁለተኛዋን ጀምረናል። የመጀመሪያዋን ያበላሸነው ሥራው ከብዶን ሳይሆን ገና ስንመርጥ ስለተሳሳትን ነው። ይህን የምጽፈውም ሌላው ሰው ገንዘቡንና ክረምቱን እንደኛ እንዳያጣ ብዬ ነው።

ትልቁ ስህተት ሐይቁን እያሰቡ መንገዱን መርሳት ነው። ጀልባዋ ውሃ ላይ የምትውለው ቢበዛ በሳምንት አንድ ቀን ነው። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ሐይቅ ለመድረስ መጀመሪያ የሐረጎን ዳገት መውጣት አለ። እስከ ደሴ ድረስ ብቻ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። ከዚያ ወደ ሐይቅ ቁልቁል ይወረዳል። ማታ ስትመለሱ ያንኑ እንደገና ነው።

የጀልባ ፕላን ላይ 600 ኪሎ የሚል ስታዩ ብዙ ጊዜ የባዶ ቀፎው፣ ማለትም ሞተርና ዕቃ ያልተጫነበት የጀልባዋ አካል ክብደት ነው። እስቲ አብረን እንደምር። 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ወደ 100 ኪሎ ይመዝናል። 60 ሊትር ቤንዚን 45 ኪሎ ነው። 40 ሊትር ውሃ 40 ኪሎ። ባትሪ፣ መልሕቅ፣ ፍራሽና ጓዝ ሌላ 100 ኪሎ። ተጎታቹ ራሱ ከ300 ኪሎ አያንስም። ድምሩ ወደ 1,200 ኪሎ ተጠጋ። ይህንን ቁጥር መኪናችሁ መጎተት ከሚችለው ጋር አስተያዩት። ፍሬን የሌለው ተጎታች ይዞ ሐረጎን መውረድ ፈጽሞ አይሞከርም። መኪናው በከባድ ማርሽ ቢይዝም ከኋላ ያለው ጭነት ይገፋዋል። ጭነቱን ስታስቀምጡም ከጠቅላላው ክብደት ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆነው ተጎታቹ ከመኪናው ጋር የሚያያዝበት ጋንቾ ላይ ይረፍ። ወደ ኋላ ካደላ ተጎታቹ መንገድ ላይ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል።

እኛን የጣለን ላሜራ ነው። ብየዳ ስለምንችል ብረት መረጥን። 3 ሚሊ ላሜራ በካሬ ሜትር 23 ኪሎ ተኩል ይመዝናል። 9 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ግን 6 ኪሎ አይሞላም። ቀፎው 20 ካሬ ሜትር ቢፈጅ ብረቱ 470 ኪሎ፣ እንጨቱ 120 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ላሜራውን እናቅጥን ብትሉ በብየዳው ሙቀት ይጣመማል። ሥራችን ገና ካቢን ሳይወጣለት ስድስት ሆነን መገልበጥ አቃተን። ሰፈራችን ያሉ አንድ አናጢ አባት መጥተው አዩና፣ «ልጆቼ፣ እንጨት ራሱ ይንሳፈፋል። ብረቱን ግን የምታንሳፍፉት እናንተ ናችሁ» አሉን። ብረት ለትልቅ ጀልባ ጥሩ ነው። ለ5 ሜትር ተኩል ግን አይሆንም።

ሁለተኛው ስህተት ካቢን ውስጥ ቆሜ ልሂድ ማለት ነው። በዚህ ርዝመት ላይ 1 ሜትር ከ80 ከፍታ ያለው ካቢን ከሠራችሁ ጀልባዋ ለንፋስ ግድግዳ ሆነች ማለት ነው። ክብደቷም ወደ ላይ ይወጣና ትዋልላለች። ተቀምጦ ጭንቅላት የማይነካ ከሆነ ይበቃል። ከመቀመጫው እስከ ጣሪያው 95 ሴንቲ ሜትር፣ ለመኝታው ደግሞ 1 ሜትር ከ95 ርዝመት ያዙ። እኛ ዘንድሮ ካቢኑን በካርቶን ሠራነውና ሳሎን ውስጥ አንድ ሌሊት አደርንበት። ፕላኑ ላይ ሰፊ የመሰለን የእግር ቦታ ጠባብ መሆኑን ያወቅነው ያን ሌሊት ነው። አንድ እንጨት ሳንቆርጥ አስተካከልነው።

ሞተር ላይ ያለው ስህተት ደግሞ ከሚያስፈልገው በላይ ትልቅ መምረጥ ነው። የሐይቁ ርዝመት 7 ኪሎ ሜትር አይሞላም። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር የምትሄድ ጀልባ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ዳር እስከ ዳር ታቋርጠዋለች። ለዚህ 10 ፈረስ ጉልበት በቂ ነው፤ የመኪናችሁም ሸክም ከ50 ኪሎ በላይ ይቀንሳል። እስጢፋኖስ ገዳም አጠገብ ስታልፉም ድምፁ የሚጸልዩትን አይረብሽም። ከፍታውን ግን አትርሱ። ተርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ገደማ ያጣል። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ነው። ስለዚህ 10 ፈረስ ያላችሁት እዚያ 8 ነው። መፍትሔው ትልቅ ሞተር መግዛት አይደለም። በአንድ ዙር ትንሽ ርቀት የሚገፋ ፕሮፔለር ቀይሩለት።

ካቢን ውስጥ ከሰል አታስገቡ። ይህንን ለምኜ ነው የምናገረው። ቡና ያለ ከሰል አይጥመንም፤ አውቃለሁ። ግን የከሰል ጭስ በጠባብ ቤት ሰው እንዴት እንደሚገድል ሁላችንም ሰምተናል። ካቢን ደግሞ ከየትኛውም ቤት ይጠብባል። የሲሊንደር ጋዝና የቤንዚን ትነትም ከአየር ስለሚከብዱ ቀፎው ሥር ይጠራቀማሉ፤ አንዲት ብልጭታ ትበቃቸዋለች። ቤንዚኑንም ሲሊንደሩንም ውጭ፣ አየር በሚያገኙበት ቦታ አስቀምጡ።

በመጨረሻ እንጨቱ። ለቁም ሣጥን የሚሆን ኮምፔንሳቶና ተራ የአናጢ ኮላ ውሃ አይችሉም። ጨው የሌለው ውሃ ደግሞ ለእንጨት ክፉ ነው፤ ጨው የሚከለክለው ሻጋታ እዚህ እንደልቡ ያድጋል። ከሐይቁ ይልቅ የሚያበሰብሳት በጣሪያው ስንጥቅ የሚገባው የክረምት ዝናብ ነው። ስለዚህ ኢፖክሲ (ሁለት ፈሳሽ ተደባልቆ የሚጠነክር፣ ውሃ የሚችል ሙጫ) ተጠቀሙ፤ የቆረጣችሁትን ጠርዝ ሁሉ ቀቡት። ሻጩ ውሃ ይችላል ስላለ ብቻ አትግዙ። መዳፍ የምታክል ቁራጭ ለምኑትና ድስት ውስጥ አንድ ሰዓት ቀቅሉት። አድርቁት፤ ደግማችሁ ቀቅሉት። ኮላው ደካማ ከሆነ ንጣፎቹ ይላቀቃሉ። እኛ ሁለት ዓይነት አምጥተን ሞከርን። አንዱ ሦስተኛው ዙር ላይ እንደ ሽንኩርት ተላጠ። ከሌላኛው 14 ፍሬ አዝዘናል።