የምርምር ኮድህን ሊንክ አድርገህ ለመላክ

ኮድህ ላፕቶፕህ ላይ ይሠራል፤ ባልደረቦችህ ግን የሚፈልጉት ሊንክ ብቻ ነው። በፓይተን የምትጽፍ ከሆነ በስትሪምሊት ወይም በዳሽ (የፓይተን ኮድን ድረ ገጽ የሚያደርጉ ላይብረሪዎች ናቸው) ጀምር፣ ጃቫስክሪፕት መማር አይጠበቅብህም። ከዚያ ላይብረሪዎችህን ከነቨርዥናቸው አንድ ፋይል ላይ ጻፍ። ይቺን አትዝለላት፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የቁጥር ስሌት ላይብረሪ ነምፓይ 2.0 ስንቱን የድሮ ኮድ ሰብሯል። ሁሉንም በዶከር ጠቅልለው፤ ዶከር ኮድህንና የሚያስፈልገውን ሁሉ ኢሜጅ በሚባል አንድ ጥቅል ያስቀምጠዋል፣ ጥቅሉ ሥራ ሲጀምር ደግሞ ኮንቴይነር ይባላል።

እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው ፀጉሩን የሚነጨው፦ ዳሽ ሲነሳ ካልነገርከው በቀር 127.0.0.1 ላይ፣ ፖርት 8050 ነው የሚያዳምጠው፣ ይህ አድራሻ ደግሞ ኮንቴይነሩ ውስጥ ብቻ ስለሚሠራ ፖርቱን ብትከፍተውም ብሮውዘርህ ምንም አያገኝም። ሆስቱን (የሚያዳምጥበትን አድራሻ) 0.0.0.0 አድርገው፣ አለቀ።

ትልቅ ዳታ ኢሜጁ ውስጥ አትጨምር፣ በቮልዩም (ከኮንቴይነሩ ውጭ ባለ ማከማቻ) አገናኘው። ሰዓታት የሚፈጅ ስሌት ካለህም ከገጹ ለይተህ ከጀርባ አስኪደው፤ አለዚያ ውጤቱ ሳይመጣ ኮኔክሽኑ ይቋረጣል።