አደጋ ካለፈ በኋላ ሰፈርን መልሶ ማቆም፦ ከሌሎች የሚቀዳና የማይቀዳ

ጎርፍም ይሁን የመሬት መንቀጥቀጥ ካሜራውም እርዳታውም የሚጎርፈው የመጀመሪያው ሰሞን ነው፣ ከዛ ሰው ከነችግሩ ይቀራል። ሁሉም ቤቴ ቤቴ ይላል፣ እኔ ግን ቅድሚያ ለጉርብትናው ስጡ ባይ ነኝ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)

መጀመሪያ ፍለጋ። ጃፓን ውስጥ ኮቤ ከተማ በ1995 በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ ከፍርስራሽ ስር በህይወት የወጣውን አብዛኛውን ሰው ያወጡት ቤተሰብና ጎረቤት ናቸው፣ ማን የቱ ክፍል እንደሚተኛ የሚያውቁት እነሱ ናቸዋ። ስለዚ ቤት ለቤት ማን አለ ማን የለም ብላችሁ ቶሎ መዝግቡ። ሜክሲኮዎች በ2017ቱ መንቀጥቀጥ ያደረጉት ደሞ አሪፍ ነው፣ አንዱ እጁን ጨብጦ ወደላይ ካነሳ ሁሉም ፀጥ ይላል፣ ማሽንም ይጠፋል፣ ከስር የሚጣራ ካለ እንዲሰማ። ያዘመመ ግድግዳ ስር ግን እንዳትገቡ።

ሬሳ በሽታ ያመጣል ተብሎ በጅምላ ለመቅበር አትጣደፉ። በአደጋው የሞተ ሰው አስከሬን ወረርሽኝ አያስነሳም፣ የዓለም ጤና ድርጅትም የሚለው ይሄንኑ ነው። ፎቶ ይነሳ፣ ቁጥር ይሰጠው፣ የተገኘበት ቦታ ይፃፍ። ሄይቲ በ2010ሩ መንቀጥቀጥ ስንትና ስንት ሺህ ሰው ማንነቱ ሳይለይ ነው የተቀበረው። ይልቅ የሚያስፈራው የቆሸሸ ውሃ ነው፣ አፍሉት ወይ በክሎሪን አክሙት።

አሁን ወደ መጠለያው። ኮቤ ላይ ጊዜያዊ ቤቱን በዕጣ አደሉት፣ አዛውንትና አካል ጉዳተኛ ይቅደም አሉ፣ ሲሰሙት ፍትሃዊ ነው አይደል? ግን አንድ ሰፈር የኖሩ ሰዎች ተበታተኑ፣ ሽማግሌና አሮጊት ከማያውቁት ሰው ጋር ተጎራብተው ብቻቸውን እየሞቱ ከቀናት በኋላ የሚገኙ ሆኑ። በ2004 እዛው ጃፓን ኒጋታ የሚባል አካባቢ መንቀጥቀጥ ሲመታው ግን ነቅተዋል፣ እዛ ያለችውን ያማኮሺ የምትባል የገጠር ቦታ ሰዎች መንደር በመንደር አንድ ላይ አሰፈሯቸው። እናንተም ቤት ሲታደል በስም ዝርዝር አትቀበሉ፣ በሰፈር አድርጉልን ብላችሁ ድርቅ በሉ፣ ትንሽ ቢያዘገይም።

ያረጀ ልብስ ምናምን የሚልኩ ዘመዶች ካሉ ካሽ ይሻላል በሏቸው፣ ልብሱን መለየቱ ራሱ ሌላ ስራ ነው።

ግንባታ ላይ ጉጃራት (ህንድ) ከ2001ዱ መንቀጥቀጥ በኋላ ያደረገችው ይመቸኛል። ብዙው ሰው ቤቱን በራሱ አሰራ፣ መንግስት ብሩን በየደረጃው ነበር የሚለቀው፣ ኢንጂነር መጥቶ የተሰራውን ካላየ ቀጣዩ ክፍያ የለም። ኮሚቴ ካላችሁ ይሄንኑ አድርጉ፣ መሰረቱ ሳይታይ ለግድግዳ ብር እንዳትሰጡ።