የወረሱት የብር ዕቃ የየት ነው? ስንትስ ያወጣል?
ከሁሉ በፊት ለመወልወል አይቸኩሉ፤ ሲፈገፈግ ማኅተሙ፣ ማለትም የዕቃውን ምንጭና የብሩን ጥራት የሚናገረው የተቀረጸ ትንሽ ምልክት፣ ይሳሳል፣ ዋጋውም ይወርዳል። ማኅተሙን በማጉያ መነጽር ከዕቃው ሥር፣ በማንኪያ ላይ ከእጀታው ጀርባ ይፈልጉ።

የሚራመድ አንበሳ የእንግሊዝ ነው፤ ከ1000 እጅ 925ቱ ንጹሕ ብር ማለት ነው። አጠገቡ ያለችው ፊደል ዓመቱን ትናገራለች፤ ፊደላቱ ግን በየዙሩ ስለሚደገሙ የከበባትን ጋሻ ቅርጽና የከተማውን ምልክት አብረው ያመሳክሩ፦ የነብር ራስ ለንደን፣ መልሕቅ በርሚንግሃም። ጨረቃና ዘውድ ከ800 ጋር የጀርመን፣ 84 የድሮዋ ሩሲያ ነው። «ኢ.ፒ.ኤን.ኤስ» (EPNS) ካለ ላዩ ብቻ በብር የተቀባ ነው።

ለመነሻ ዋጋ፣ ዕቃው የ925 ብር ከሆነ፣ ግራሙን በ0.925 አባዝተው ለ31.1 ያካፍሉ፤ ውጤቱን በዕለቱ የአንድ አውንስ (31.1 ግራም) ንጹሕ ብር ዋጋ ያባዙ። የሻማ ማቆሚያ ግን ብዙ ጊዜ ውስጡ በሌላ ነገር ስለሚሞላ ሚዛኑ ያታልላል።