ምን አውቅልህ? የክላሲካል ደራሲ እንቆቅልሽ በሦስት ስኒ ቡና

ጠያቂው አንድ የክላሲካል ሙዚቃ ደራሲ በልቡ ይይዝና ፍንጭ በፍንጭ ያወጣዋል። ለአንድ ደራሲ አምስት ፍንጭ ይበቃል፤ በመጀመሪያው ያወቀ 5 ነጥብ፣ በሁለተኛው 4፣ እንዲህ እየወረደ በመጨረሻው 1። በአንድ ፍንጭ የሚፈቀደው አንድ ግምት ብቻ ነው፣ እሱም በቁራጭ ወረቀት ተጽፎ። በአፍ ከሆነ አፈ ፈጣኑ ይቀድምና ዝምተኛው አዋቂ እንዳወቀ ይቀራል። ከስምንት ሰው ከበለጣችሁ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተጣመሩ።

አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሦስት ደራሲ ያስጠይቃል፤ ለአንዱ 25 ደቂቃ ያህል ያዙ። ደሴ ላይ ከሆነና ከኮምቦልቻ የሚመጣ ካለ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሩ። በመንገዱ ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት በጨለማ መውረድ የሚያሳስበው ሰው ሦስተኛውን ደራሲ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም።

ጨዋታው የሚያምረውም የሚበላሸውም በፍንጭ ምርጫ ነው። እያንዳንዱን ፍንጭ ከጻፋችሁ በኋላ «ይህ ሌላ ለማን ይሆናል?» ብላችሁ ፈትሹት። «በ1685 ተወለደ» ብትሉ ባህ፣ ሄንደልና ዶሜኒኮ ስካርላቲ ሦስቱም ይነሳሉ። «በስተርጅና ዓይኑ ጠፋ» ብላችሁ ብትጨምሩ እንኳ ባህና ሄንደል አይለዩም። «ጆሮው ደነቆረ» ሲባል ሁሉም ቤትሆቨን ብሎ ይጽፋል፤ ስሜታናም ግን ደንቁሯል። እንዲህ ያለው ለመጀመሪያ ፍንጭ ግሩም ነው፣ ለመጨረሻ ከዋለ ግን ጠብ ነው።

ሃይድንን እንያዝ። አንደኛ፦ ከሞዛርት በፊት ተወልዶ ከሞዛርት ሞት በኋላ 18 ዓመት ኖረ። ሁለተኛ፦ አባቱ የሠረገላ ጎማ ሠሪ ነበር። ሦስተኛ፦ ከ1761 ጀምሮ አንድ የሃንጋሪ መኳንንት ቤተሰብ አገለገለ (ኤስተርሃዚ የሚለውን ስም አትጥሩ፣ ጨዋታው እዚያው ያልቃል)። አራተኛው የሚደመጥ ይሁን፦ የ94ኛው ሲምፎኒ ሁለተኛ ክፍል፣ ከመጀመሪያው 40 ሰከንድ ያህል። ዜማው በለሆሳስ ሲሄድ ቆይቶ ድንገት መላው ኦርኬስትራ ይመታል፤ ያ ምት ሳይደርስ ካቆማችሁት ፍንጭነቱ ቀረ። አምስተኛ፦ በ1772 በጻፈው ሲምፎኒ መጨረሻ ላይ፣ ወደ ቤታቸው መመለስ የናፈቃቸው ሙዚቀኞች አንድ በአንድ ሻማቸውን እያጠፉ ይወጣሉ።

ፍንጩን ለአገራችን ሰው ጆሮ ማቅረብ ያዋጣል። ወጣቱ ባህ በ1705 ቡክስተሁደ ኦርጋን ሲጫወት ለመስማት ከአርንሽታት እስከ ሉቤክ በእግሩ ሄደ፤ 400 ኪሎ ሜትር ግድም፣ ከደሴ አዲስ አበባ ማለት ነው። ይህን የሰማ አይረሳውም። የቨርዲን አይዳ ግን ለመጨረሻ አቆዩ። በ1871 ካይሮ ላይ የታየው ኦፔራ ዋና ገጸ ባሕርይ ኢትዮጵያዊት ልዕልት ስለሆነች፣ ከእኛ መካከል የማያውቀው ጥቂት ነው።

የድምፅ ፍንጭ ስትመርጡ፣ ደሴ ላይ ከሆናችሁ፣ የቅኝት ስም የሆኑት አምባሰልና ባቲ አጠገብ እንዳላችሁ አትርሱ። በ1893 ኒውዮርክ ላይ መጀመሪያ የተሰማው የድቮርዣክ «አዲሱ ዓለም» ሲምፎኒ ሁለተኛ ክፍል ዜማው ከትዝታ ሜጀር ቅኝት ጋር አንድ ዓይነት አምስት ድምፅ ይዞ ይነሳል። የሰማው ሁሉ «ይሄማ የኛ ነው!» ማለቱ አይቀርም። ደቡሲም በ«ፓጎድ» የፒያኖ ሥራው አምስት ድምፅ ስለተጠቀመ፣ «አምስት ድምፅ ይወዳል» የሚል ፍንጭ ብቻውን አይለይም።

በስልክ ድምፅ ማጉያ አታሰሙ፤ ባሱን ይበላዋል፣ የኦርጋንና የቼሎ ሥራ ቀጭን ፉጨት ሆኖ ይቀራል። መብራትም ኔትወርክም ሊጠፋ ስለሚችል ብሉቱዝ ስፒከሩን ማታውኑ ቻርጅ አድርጉ፣ ሙዚቃውንም አውርዱ። ፋይሉን ደግሞ 1፣ 2፣ 3 ብላችሁ ሰይሙት። የደራሲው ስም ስክሪኑ ላይ ወጥቶ ጨዋታው በአንድ እይታ የሚያልቅበት ጊዜ ብዙ ነው።

አምስቱም ፍንጭ አልቆ የሚያውቅ ከጠፋ አገር መስጠት ይመጣል። ጠያቂው የሚቀበለው ግን ደራሲው የኖረበትን ከተማ ብቻ ነው። ቪየናን ሰጥታችሁት እሺ ካለ ስድስተኛ ፍንጭ አገኛችሁ፤ በዚያ ያወቀ ግማሽ ነጥብ ይያዝለት።

ባህ ብሎ የጻፈና ባች ብሎ የጻፈ እኩል ናቸው። አምስቱም ፍንጭ ለሌላ ደራሲ ከገጠመ ግን ጥፋቱ የጠያቂው ነው፤ ያንን ስም ለጻፈው 5 ነጥብ ይሰጥና ጠያቂው ለሚቀጥለው ስኒ ቦታውን ይልቀቅ።