በእርጥብ ጥሻ ውስጥ ለማደን የዝናብ ልብስ እንዴት እንደሚመረጥ

ሲያትል አዲስ የገባ አበሻ ቀድሞ የሚሰማው ነገር «ዝናቡን ትለምደዋለህ» የሚል ነው። በዓመት የሚወርደው ውሃ ቢለካ ግን አዲስ አበባ ሲያትልን ትበልጣለች። የሚለያዩት በአወራረዱ ነው። የሐምሌ ዶፍ ወርዶ ያባራል፣ ፀሐይም ብቅ ትላለች። ሲያትል ያለችበት የምዕራብ ዋሽንግተን ግዛት ዝናብ ግን ከኦክቶበር ጀምሮ ቀኑን ሙሉ ያካፋል። ቅጠሉ ለመድረቅ ጊዜ አያገኝም።

ከሲያትል በስተ ምዕራብ ወዳለው ኦሊምፒክ ባሕረ ገብ መሬት ከዘለቃችሁ ይብሳል። ፎርክስ የምትባለው ትንሽ ከተማ በዓመት ከ2.5 ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። ብላክቴይል የሚባለው አጋዘን የሚታደነውም በዚሁ ወቅት፣ በዚሁ ጥሻ ውስጥ ነው። እዚያ ያለው የኦሊምፒክ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ማደን ክልክል ስለሆነ አዳኞች በዙሪያው ወዳለው ደን ይሄዳሉ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 1972 በኋላ የተወለደ ሰው የአደን ፈቃድ ለመግዛት የአዳኞችን ትምህርት መውሰድ አለበት። ያንን ከጨረሳችሁ የሚቀራችሁ ጥያቄ «ምን ልልበስ?» ነው።

1. ውሃው ከየት እንደሚመጣ እወቁ

ብዙ ሰው የዝናብ ልብስ ሲገዛ የሚያስበው ከላይ የሚወርደውን ውሃ ነው። ጥሻ ውስጥ ግን የሚያበሰብሳችሁ በአብዛኛው ከጎን የሚመጣው ነው። ሳላል የሚባለው ቅጠለ ጠንካራ ቁጥቋጦ ከጉልበት እስከ ወገብ ይደርሳል። ፈርን የሚባለው ረጅም ቅጠል ያለው ተክል ጭን ላይ ይጠርጋል። እያንዳንዱ ቅጠል ውሃ ይዞ ይጠብቃል፤ ስትነኩት ያፈሰዋል። ዝናቡ ካቆመ ከሰዓታት በኋላም ያው ነው።

ከዚያ እሾህ አለ። የብላክቤሪው ሐረግ ከኛ አገር የዱር እንጆሪ ጋር ዘመድ ነው፤ እሾሁ ግን ቀጭን ጃኬት ይዞ አይለቅም። ዴቭልስ ክለብ የሚሉት ተክል ደግሞ ግንዱም ቅጠሉም እሾህ ነው። ስለዚህ ለተራራ መንገድ የተሠራ፣ ተጣጥፎ ኪስ ውስጥ የሚገባ ስስ ጃኬት እዚህ ዕድሜው አጭር ነው። ሱቅ ውስጥ «ቀላል ነው» ብለው ሲያሞግሱላችሁ ጆሮ አትስጡ።

2. ገንዘባችሁን መጀመሪያ ሱሪው ላይ አውሉ

ብዙ ሰው ውድ ጃኬት ይገዛና ሱሪውን ከቅናሽ መደርደሪያ ያነሳል። ጥሻ ውስጥ ግን የሚታሸው፣ የሚቧጨረውና የሚንበረከከው ሱሪው ነው። በጀታችሁ አንድ ጥሩ ነገር ብቻ የሚገዛ ከሆነ ሱሪ ይሁን። ጉልበቱና መቀመጫው በድርብ ጨርቅ የተሠራ፣ ቦት ጫማ ሳይወልቅ የሚለበስ ረጅም የጎን ዚፕ ያለው ፈልጉ። በቀበቶ ብቻ የሚያዝ እርጥብ ሱሪ ወደ ታች ይንሸራተታል። ትከሻ ላይ የሚያዝ ማንገቻ ያለው ይሻላል።

አንድ ትንሽ ነገር፦ የሱሪው እግር ከቦት ጫማው ውጭ ይውረድ። ጫማው ውስጥ ከከተታችሁት ከጭናችሁ የሚወርደው ውሃ በሙሉ ቀጥ ብሎ ካልሲያችሁ ውስጥ ይገባል።

3. ጨርቁን እንደ አካሄዳችሁ ምረጡ

ገበያው ላይ ያለው በሦስት ይከፈላል።

የመጀመሪያው ጎማ ወይም ፒቪሲ የተቀባው ነው። ዓሣ አጥማጆች የሚለብሱት፣ እንደ ሄሊ ሀንሰንና ግሩንደንስ ያሉ ድርጅቶች የሚሠሩት ዓይነት። ውሃ ጨርሶ አያስገባም። ላብም ጨርሶ አያስወጣም። አንድ ቦታ ተቀምጦ ለሚጠብቅ አዳኝ ከዚህ የተሻለ የለም፤ ዋጋውም ከሌሎቹ ይቀላል። ዳገት የሚወጣ ሰው ግን በራሱ ላብ ይበሰብሳል።

ሁለተኛው በሰም የተነከረ ወፍራም ጥጥ ነው። የሲያትሉ ፊልሰን በ1897 ሲቋቋም ደንበኞቹ ካናዳ ውስጥ ወዳለው ክሎንዳይክ የሚጎርፉ ወርቅ ፈላጊዎች ነበሩ፤ ዛሬም «ቲን ክሎዝ» የሚለውን ሰም የጠጣ ጨርቁን ይሸጣል። እሾህ ይችላል። ከባድ ነው፣ ሲበርድ ይገተራል፣ ከጊዜ በኋላ ሰሙ መታደስ አለበት። ቀኑን ሙሉ የሚወርድ ዝናብንም ለዘለቄታው አይቋቋምም። እንደ እኔ ከሆነ ይህ ለሱሪ እንጂ ለጃኬት አይሆንም።

ሦስተኛው እንደ ጎርቴክስ ያለ ስስ ሽፋን በሁለት ጨርቅ መሃል የገባበት ነው። የሽፋኑ ቀዳዳዎች ከውሃ ጠብታ እጅግ ያንሳሉ፣ ከእንፋሎት ደግሞ ይሰፋሉ። ዝናቡ አይገባም፣ የላብ እንፋሎት ይወጣል። ቀስ እያለ፣ እየቆመ ለሚራመድ አዳኝ ምርጫው ይኸው ነው። ግን የተገኘው ሁሉ አይሆንም። ባለ ሦስት ድርብ የሚባለውን፣ የላይኛው ጨርቅ 70 ዴኒየር ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን ውሰዱ። ዴኒየር 9,000 ሜትር ክር በግራም የሚመዝነው ነው፤ ቁጥሩ ሲያድግ ክሩ ይወፍራል። «ሁለት ተኩል ድርብ» የሚል፣ ከውስጥ በጨርቅ ፋንታ ስስ ቅብ ብቻ ያለው፣ ካያችሁ እለፉት።

መለያው ላይ ሌሎች ቁጥሮችም አሉ። «20,000 ሚሊ ሜትር» ማለት ጨርቁ 20 ሜትር ከፍታ ያለውን የውሃ ዓምድ ግፊት ይችላል ማለት ነው። ለዝናብ ብቻ ይህን ያህል አያስፈልግም። እርጥብ መሬት ላይ ስትንበረከኩ ግን ጉልበታችሁ ከዝናቡ በብዙ እጥፍ ይጫናል፤ ያኔ ቁጥሩ ሥራ አለው። እንፋሎት ያስወጣል የሚለውን ቁጥር ግን በሁለት ድርጅቶች መካከል አታወዳድሩት። መለኪያቸው አንድ አይደለም። ከዚያ ቁጥር ይልቅ ብብት ስር የሚከፈት ረጅም ዚፕ ይጠቅማችኋል።

4. ጆሯችሁን ተጠቀሙ

አጋዘን ቀለማችሁን ሳያይ ድምፃችሁን ይሰማል። ሱቅ ውስጥ እጅጌውን በጥፍራችሁ ቧጭሩት። «ሽርር» ካለ ጥሻ ውስጥ ከዚያ ይብሳል። ሁለቱን ጭኖች እያሻሻችሁ ተራመዱ። ላዩ እንደ ሱፍ የለሰለሰ ልብስ ድምፁ ትንሽ ነው፤ በምትኩ ውሃ ይጠጣና ይከብዳል። ሁለቱን አንድ ላይ አታገኙም። ዝናብ እየወረደ ከሆነ የዝናቡ ድምፅ የናንተን ይሸፍናል፤ ችግሩ ካባራ በኋላ ነው። ስለዚህ ሱሪው ጠንካራ፣ ጃኬቱ ለስላሳ ቢሆን ያስማማል።

የጃኬቱ ኮፍያ ጆሮ ይሸፍናል። በቀላሉ የሚወልቅ ይሁን፤ ለተራ ካፊያ ሰፊ ክፈፍ ያለው ባርኔጣ ይበቃል።

5. ሱቅ ውስጥ ቁጢጥ በሉ

ቀጥ ብሎ ቆሞ መስታወት ማየት ምንም አይነግራችሁም። ከስር የምትለብሱትን ሹራብ ይዛችሁ ሂዱ፣ ደርባችሁ ልበሱ። ቁጢጥ በሉ። ወገባችሁ ድረስ እግር አንሱ፣ የወደቀ ግንድ እንደምትሻገሩ አድርጋችሁ። ከዚያ ጠመንጃ እንደምታነሱ እጃችሁን ወደ ፊት ዘርጉ። ጀርባው ከተያዘ ቁጥር ጨምሩ።

የእጅጌውን ጫፍ በደንብ እዩት። ቁጥቋጦ ለመግለጥ እጃችሁን ባነሳችሁ ቁጥር ከጓንታችሁ የሚወርደው ውሃ በእጅ አንጓ ገብቶ ክርን ላይ ይጠራቀማል። እስከ ማታ ክንዳችሁ በሙሉ ይርሳል፣ ጃኬቱ ግን ምንም አልተቀደደም። ቬልክሮው ጥብቅ አድርጎ መያዝ አለበት። ጓንቱም ከእጅጌው ስር ይግባ፤ ከላይ ከሆነ ከእጅጌው የሚንጠባጠበውን ይሰበስባል።

ቤት ስትገቡ ለብሳችሁት ሻወር ስር ቁሙ፣ ሩብ ሰዓት ያህል። ቤተሰብ ይስቅ። ስፌቱና ዚፑ የሚያስገባ ከሆነ ደረሰኙ እጃችሁ ላይ እያለ ማወቁ ይሻላል።

6. ከስር የሚለበሰው

ጂንስና የጥጥ ካናቴራ ቤት ይቅሩ። ጥጥ ከረጠበ ሙቀት አይዝም። ሱፍ ወይም ፖሊስተር ልበሱ፤ ሱፍ ረጥቦም ትንሽ ያሞቃል። ጋቢው የትም የማይገኝ ምቾት ነው፣ ግን እሱም ጥጥ ነውና መኪና ውስጥ ይጠብቃችሁ። ዳገት ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ልብስ አውልቁ፤ ስትቆሙ መልሱ። ጨርቁ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን የሚሮጥን ሰው ላብ አያሸንፍም።

ለዚህ መጠንቀቅ ያለባችሁ በረዶ ስላለ አይደለም። ከዜሮ በላይ ጥቂት ዲግሪ፣ እርጥበትና ነፋስ ከተገናኙ ሰውነት ለመቀዝቀዝ ይበቃል። መንቀጥቀጥ ከጀመራችሁ፣ ጣታችሁ ዚፕ መያዝ ካቃተው፣ ምላሳችሁ ከተሳሰረ አደኑ አብቅቷል። ጠመንጃ የያዘ ሰው ደግሞ እንዲህ ሆኖ መቀጠል የለበትም።

7. ብርቱካናማውን አትሸፍኑት

በዋሽንግተን በዘመናዊ ጠመንጃ ወቅት ከወገብ በላይ 400 ስኩዌር ኢንች፣ ማለትም 2,580 ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ የሚያበራ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ ልብስ ከሁሉም አቅጣጫ እንዲታይ መልበስ ግዴታ ነው። ኮፍያ ብቻ አይበቃም። አዲስ አዳኝ ብርቱካናማ ሰደርያውን ይለብስና ዝናብ ሲመጣ ጃኬቱን ከላይ ይደርባል። በቃ፣ ሕጉ ተጣሰ፤ ከዚያም በላይ ሌላው አዳኝ አያያችሁም። ሰደርያውን ከጃኬቱ በላይ እንዲገባ አድርጋችሁ በሰፊ ቁጥር ግዙ። አጋዘን ብርቱካናማን እንደኛ ደምቆ አያየውም፤ አትጨነቁ።

8. እጠቡት፣ አትፍሩ

«ቢታጠብ ይበላሻል» የሚለው ወሬ ብዙ ጃኬት ገድሏል። ይህ የሚመለከተው ባለ ሽፋኑን ነው፤ ሰም የተነከረው ማሽን ውስጥ አይገባም። አዲስ ጃኬት ላይ ውሃ እንደ ዶቃ ተንከባሎ የሚወርደው ላዩ በተቀባው ኬሚካል ነው። ጭቃ፣ ላብና ጭስ ሲሸፍኑት ጨርቁ ውሃ ይጠጣል። ሽፋኑ አሁንም ዝናቡን ይከለክላል፣ ግን የራሰው ጨርቅ እንፋሎቱን ስለሚዘጋው ከውስጥ ትረጥባላችሁ። «ያስገባል» ተብለው ከሚጣሉት ጃኬቶች ብዙዎቹ ያስገቡት ነገር የለም፤ የቆሸሹ ናቸው።

ለዝናብ ልብስ በተሠራ ፈሳሽ ሳሙና እጠቡ፣ ማለስለሻ አትጨምሩ፣ ደጋግማችሁ አለቅልቁ። መለያው ከፈቀደ በዝቅተኛ ሙቀት ማድረቂያ ውስጥ አስገቡት፤ ሙቀቱ ቅቡን መልሶ ያነቃዋል። ከ2025 ጀምሮ ካሊፎርኒያና ኒው ዮርክ ለዚህ ቅብ ያገለግሉ የነበሩትን ፒፋስ የሚባሉ ኬሚካሎች ከአብዛኛው አዲስ ልብስ ስላገዱ ብዙ ድርጅቶች ቅባቸውን ቀይረዋል። አዲሱ ቅብ ቅባትና ቆሻሻ ቶሎ ይይዘዋልና ከድሮው በላይ መታጠብ ይፈልጋል።

ሲደርቅ ጥቂት ውሃ ትከሻው ላይ አፍስሱ። ከተንከባለለ ጨርሳችኋል። ከተሰራጨ የሚረጨውን ቅብ ገዝታችሁ ትከሻውን፣ ክንዱንና ጭኑን ቀቡ። እሾህ ለቀደደው ቀዳዳ ሙጫ ያለው የናይለን ልጣፊ ይሸጣል፤ ጠርዙን በመቀስ ክብ አድርጋችሁ ለጥፉት፣ ማዕዘን ካለው ቶሎ ይነሳል። እርጥብ ጨርቅ ላይ ስለማይይዝ አንድ ደረቅ ጨርቅም አብሮት ኪስ ውስጥ ይቀመጥ።