አሜሪካ ውስጥ መኪና ከዲለር እንዴት ይገዛል? ከዋጋ ክርክር እስከ ብድር ፊርማ

የመጀመሪያ መኪናዬን የገዛሁት ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። አገሩ ከገባሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ሻጩ ቡና ሰጠኝ፣ ስለ ቤተሰቤ ጠየቀኝ፣ ከዛ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ «በወር ስንት ትችላለህ?» አለኝ። «እስከ 400 ዶላር» አልኩት።

ከሦስት ሰዓት በኋላ በወር 398 ዶላር ልከፍል ፈርሜ ወጣሁ። ካልኩት በታች ስለሆነ ደስ ብሎኝ ነበር። ማታ ቤት ገብቼ ውሉን ሳገላብጥ ነው ነገሩ የገባኝ። 17,500 ዶላር የተባለችውን ያገለገለች ኮሮላ ለመግዛት የተበደርኩት 22,600 ዶላር ነው። ወለዱ 11.9 በመቶ፣ የመክፈያ ጊዜው 84 ወር። 398ን በ84 አባዙት፤ 33,432 ዶላር ይመጣል።

ማንም አልዋሸኝም። ሁሉም ነገር ውሉ ላይ ተጽፏል፣ ፊርማዬም ከስሩ አለ። ይሄን የምጽፈው ያንኑ ወንበር ላይ ልትቀመጡ ለምትዘጋጁ ሰዎች ነው።

መርካቶ ስንከራከር የምንከራከረው በአንድ ቁጥር ነው። «የመጨረሻው ስንት ነው?» ብለን፣ ሄድ መለስ ብለን እንጨርሳለን። ዲለር (መኪና ሻጭ ድርጅት) ጋ ግን ቁጥሩ አራት ነው፦ የመኪናው ዋጋ፣ ለአሮጌ መኪናችሁ የሚሰጧችሁ ዋጋ፣ ወለዱ እና የብድሩ ርዝመት። አንዱን ዝቅ ሲያደርጉላችሁ ሌላው ከፍ ሊል ይችላል። ወርሃዊ ክፍያ ደግሞ አራቱን አንድ ላይ ጠቅልሎ የሚደብቅ ቁጥር ነው። ስለዚህ አራቱን ለየብቻ መጨረስ ያስፈልጋል። አብዛኛው ሥራ ደግሞ ዲለሩ በር ከመድረሳችሁ በፊት የሚያልቅ ነው።

1. ክሬዲታችሁን ቤት ሆናችሁ እዩ

ኢኪፋክስ፣ ኤክስፒሪያን እና ትራንስዩኒየን የሚባሉ ሦስት ድርጅቶች የብድር ታሪካችሁን ይይዛሉ። አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ላይ ገብታችሁ የሦስቱንም ሪፖርት በየሳምንቱ በነፃ ማየት ትችላላችሁ። ስማችን በእንግሊዝኛ ሲጻፍ በአንድ ፊደል እየተለያየ ስለሚመዘገብ፣ የአባት ስምም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚቆጠር፣ የእናንተ ያልሆነ ዕዳ ተቀላቅሎ እንዳይሆን በደንብ ተመልከቱ። ስህተት ካለ ለድርጅቱ አመልክታችሁ እስኪስተካከል ጠብቁ።

እዚህ ጋ ብዙ ወገኖቻችንን የሚያሳዝን ነገር አለ። አምስት ዓመት ሙሉ አንድም ወር ሳያጓድል ዕቁብ የጣለ ሰው ባንክ ፊት ታሪክ የለውም። ዕቁብ ለዳውን ፔይመንት (በቅድሚያ ለሚከፈለው ገንዘብ) ግሩም ነው፣ ከወለድ ነፃ የሆነ ገንዘብ ነው። ክሬዲት ግን አይገነባም። መኪና የምታስቡት ከዓመት በኋላ ከሆነ፣ አንድ ክሬዲት ካርድ አውጥታችሁ ቤንዚን ብቻ እየቀዳችሁበት በየወሩ ሙሉውን ክፈሉ።

2. ብድሩን ከውጭ ይዛችሁ ሂዱ

ከሁሉም በላይ እንድትይዙልኝ የምፈልገው ይሄንን ነው።

ዲለሩ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ አበዳሪ አይደለም። ማመልከቻችሁን ወደ ባንኮች ይልካል። አንዱ ባንክ «ለዚህ ሰው በ7 በመቶ አበድራለሁ» ይለዋል እንበል። ዲለሩ ለእናንተ 9 በመቶ ብሎ ማቅረብ ይችላል። ከጭማሪው የሚገኘው ገንዘብ በአብዛኛው የዲለሩ ነው። ሕጋዊ ነው። ዲለሩ ባንኩ 7 እንዳለ ሊነግራችሁ አይገደድም።

ሁለት በመቶ ትንሽ ይመስላል። በ25,000 ዶላር ብድር ላይ እንየው። በ60 ወር፣ በ7 በመቶ፣ ወርሃዊ ክፍያው 495 ዶላር ነው። በ9 በመቶ 519 ይሆናል። በወር 24 ዶላር፣ የአንድ ምሳ ያህል። በአምስት ዓመት ግን ከ1,400 ዶላር በላይ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ክሬዲት ዩኒየን ሂዱ። አባላቱ ባለቤቶቹ ስለሆኑ ወለዱ ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል። በፌዴራል መንግሥት የተቋቋሙት ደግሞ የሚያስከፍሉት ወለድ 18 በመቶ ጣሪያ አለው። አባል ለመሆን ብዙዎቹ ጋ የሚጠየቀው እዚያ አካባቢ መኖር ወይም መሥራት ነው። ሁለት ሦስት ቦታ ጠይቁና ፕሪ አፕሩቫል ውሰዱ። ማለትም «ይህን ያህል ገንዘብ፣ በዚህ ወለድ፣ ለዚህን ያህል ወር» የሚል የፈቃድ ወረቀት ነው። «ብዙ ቦታ ካመለከትኩ ስኮሬ (የክሬዲት ነጥቤ) ይወርዳል» ብላችሁ አትፍሩ። በ14 ቀን ውስጥ የሚደረጉ የመኪና ብድር ጥያቄዎች ስኮሩ ሲሰላ እንደ አንድ ነው የሚታዩት። ዋናው ሁሉንም በአንድ ሰሞን መጨረስ ነው።

ጊዜውን አታስረዝሙ። ያንኑ 25,000 ዶላር በ7 በመቶ፣ ግን በ84 ወር ከወሰዳችሁት ክፍያው ወደ 377 ዶላር ይወርዳል። ጠቅላላ የምትከፍሉት ግን ከ60 ወሩ ጋር ሲነጻጸር ወደ 2,000 ዶላር ይጨምራል። የባሰው ደግሞ መኪናው ከዕዳው ቀድሞ ይረክሳል። በአራተኛው ዓመት ልሽጥ ብትሉ ገዢው የሚሰጣችሁ ብር ዕዳውን ላይዘጋ ይችላል።

ኡበር ወይም ሊፍት ልትሠሩበት ከሆነ ይህንኑ ለአበዳሪውም ለኢንሹራንሱም አስቀድማችሁ ተናገሩ። ለግል መጠቀሚያ ብቻ ብለው የሚያበድሩ አሉ።

3. መኪናውን መርምሩ

ያገለገለ ከሆነ፣ በሹፌሩ በኩል መስታወቱ ስር ያለውን ባለ 17 ፊደልና ቁጥር ቪን ፎቶ አንሱ። የፌዴራሉ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ያልተሠራ ሪኮል (አምራቹ ላስተካክለው ብሎ የጠራበት ጉድለት) እንዳለው በነፃ እዩ። የመኪናውን ያለፈ ታሪክ የሚያሳየውን የካርፋክስ ሪፖርት ዲለሩን ጠይቁት፤ ብዙዎቹ ይሰጣሉ። ካርፋክስ ንጹሕ ነው ማለት ግን መኪናው አልተጋጨም ማለት አይደለም። ያልተመዘገበ አደጋ አይታይበትም። የምታምኑት መካኒክ ከፍ አድርጎ ከስር ይየው። «ውጭ ወስዳችሁ ማስመርመር አትችሉም» የሚል ዲለር ካጋጠማችሁ ሌላ ዲለር ፈልጉ።

መስኮቱ ላይ የተለጠፈውን ባየርስ ጋይድ የሚባል ወረቀትም አንብቡ። ዲለሮች ያገለገለ መኪና ላይ እንዲለጥፉት የፌዴራል ደንብ ያስገድዳቸዋል። «አዝ ኢዝ» (እንዳለ፣ ያለ ዋስትና) የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ካለ፣ ከግቢው እንደወጣችሁ ሞተሩ ቢቆም ወጪው የእናንተ ነው።

4. ዋጋውን በጽሑፍ አምጡ

ለሦስት ወይም አራት ዲለሮች ኢሜይል ላኩ። የመኪናውን ሞዴልና ዓመት ጻፉና «አውት ዘ ዶር» ዋጋውን ጠይቁ። ታክሱ፣ የታይትል (የባለቤትነት ወረቀት) እና የሰሌዳው ክፍያ፣ የዲለሩ ፕሮሰሲንግ ፊ፣ ሌላም ካለ ተደምሮ ማለት ነው። ዝርዝሩ በየመስመሩ ተለይቶ ይምጣ። ስልክ ላይ የተነገረ ዋጋ ዋጋ አይደለም።

ዝርዝሩ ሲመጣ ሁለት ዓይነት ክፍያ ታያላችሁ። አንዱ የመንግሥት ነው፣ አይነካም። ለምሳሌ ቨርጂኒያ ውስጥ የመኪና ሽያጭ ታክስ 4.15 በመቶ ነው። ሌላው የዲለሩ ነው። ሜሪላንድ ለፕሮሰሲንግ ፊ በሕግ ጣሪያ አስቀምጣለች፤ ቨርጂኒያ ግን ጣሪያ የላትም። «ለሁሉም ደንበኛ እኩል ነው፣ አንቀንስም» ይሏችኋል። ምንም አይደለም፣ በእሱ አትጣሉ። «እንግዲያው ያንን ያህል ከመኪናው ዋጋ ቀንሱልኝ» በሉ።

ዝቅተኛውን ይዛችሁ ሌላውን «ከዚህ ትወርዳለህ?» ማለት ነውር አይደለም። የወር መጨረሻ ላይ ሻጮች የሽያጭ ኮታቸውን ለመሙላት ስለሚጣደፉ ልባቸው ሊለሰልስ ይችላል።

አሮጌ መኪና ካላችሁ ዋጋውን ዲለሩ ሳያውቅ ሌላ ቦታ አስገምቱ። ያገለገሉ መኪኖች የሚገዛና የሚሸጠው ካርማክስ የሚሰጣችሁ የግዢ ዋጋ ለ7 ቀን ይጸናል። ትሬድ ኢን (አሮጌውን ሰጥቶ ከአዲሱ ዋጋ ማስቀነስ) የሚለውን ወሬ የአዲሱ ዋጋ በጽሑፍ ከተቆረጠ በኋላ ብቻ አንሱት።

5. ወንበሩ ላይ ስትቀመጡ

ብቻችሁን አትሂዱ። ቁጥር ሲነገር የሚጽፍላችሁ፣ ሲደክማችሁ «እንሂድ» የሚላችሁ ሰው ይኑር። እንግሊዝኛችሁ ጥሩ ቢሆንም ይኑር። ሕፃን ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ግን እሱ ሲርበው ትቸኩላላችሁ።

«በወር ስንት ትችላለህ?» የሚለው ጥያቄ አይቀርም። መልሱ አጭር ነው፦ «ስለ ወር ክፍያ አላወራም። ጠቅላላ ዋጋውን ብቻ ንገረኝ።» ሻጩ ወረቀት ወስዶ በመስቀል አራት ቦታ ከፍሎ፣ በወፍራም እስክሪብቶ ቁጥር መጻፍ ሊጀምር ይችላል። ዓይናችሁ ወርሃዊ ክፍያው የተጻፈበት ጥግ ላይ እንዲያርፍ ነው። ትታችሁ ኢሜይላችሁን ስልካችሁ ላይ ክፈቱና ጠረጴዛው ላይ አድርጉት።

«ማናጀሬን ልጠይቅ» ብሎ ይሄዳል፤ ይቆያል። መጠበቁ ያደክማል፣ የደከመ ሰው ደግሞ ይስማማል። ሃያ ደቂቃ ካለፈ ተነሡ። እኛ ባህላችን ሆኖ፣ ቡና የጋበዘንን፣ ሁለት ሰዓት የደከመልንን ሰው ጥሎ መሄድ ይከብደናል። ይሉኝታ ይይዘናል። ግን ሰውዬው ሥራው ነው፣ አይቀየማችሁም። ነገ ራሱ ይደውላል።

ዋጋው ካለቀ በኋላ «የራሴ ብድር አለኝ፣ ወለዱ ይሄ ነው። ከዚህ ካሳነሳችሁልኝ ከእናንተ እወስዳለሁ» በሉ። አንዳንዴ የምር ያሳንሳሉ፤ በተለይ አዲስ መኪና ላይ አምራቹ ራሱ በጣም ዝቅተኛ ወለድ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ያኔ ደስ ብሏችሁ ውሰዱ።

6. ፋይናንስ ክፍሉ

እኔ የተበላሁት እዚህ ነው። ትንሽ ክፍል ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ፕሪንተር። ሰውየው ትሁት ነው። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እየገለበጠ፣ የምፈርምበት ቦታ ላይ በእስክሪብቶ ኤክስ ያደርጋል። «ይሄ የዋራንቲ ነው፣ ይሄ መኪናው ቢወድም የሚሸፍንልህ ነው» እያለ። እኔ ከመኪናው ጋር የሚመጡ መስለውኝ ፈረምኩ። «ዋራንቲ» ያለኝ የሰርቪስ ኮንትራት (ብልሽት ሲኖር የጥገና ወጪ የሚሸፍን ውል) 2,500 ዶላር፣ ጋፕ የሚባለው (መኪናው ቢወድም ኢንሹራንሱ ከፍሎ የሚቀረውን ዕዳ የሚሸፍነው) 900 ዶላር ነበር። ሁለቱም ዕዳው ላይ ተጨምረው ወለድ ይወልዱ ነበር።

እዚያ የሚቀርብላችሁ ተጨማሪ ነገር በሙሉ በምርጫ ነው። የቀለም መከላከያ፣ የጎማ ዋስትና፣ መስታወት ላይ ቪን መቅረጽ፣ ሁሉም። ጋፕ ዳውን ፔይመንታችሁ ትንሽ ከሆነ ሊጠቅም ይችላል፤ ግን መጀመሪያ ኢንሹራንሳችሁን ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ በጣም ይረክሳል። «ብድሩ የሚፈቀደው ይሄን ከገዛህ ነው» ከተባላችሁ ለአበዳሪው ራሱ ደውላችሁ አጣሩ።

ከዛ ውሉ ላይ አራቱን ሳጥኖች ፈልጉ። ከ1968 ጀምሮ ያለ የፌዴራል ሕግ አበዳሪው እንዲያሳያችሁ ያስገድደዋል፦ ኤፒአር (የብድሩ ዓመታዊ ወጪ በመቶኛ)፣ ጠቅላላ የወለድ ወጪ፣ የተበደራችሁት መጠን፣ እስከ መጨረሻው የምትከፍሉት ድምር። የተበደራችሁት መጠን ኢሜይሉ ላይ ካለው ዋጋ ዳውን ፔይመንቱ ተቀንሶ ከሚመጣው ጋር መግጠም አለበት። ካልገጠመ እስክሪብቶውን አስቀምጡ።

«በሦስት ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል» የሚል ወሬ ከሰማችሁ እርሱት። ያ ደንብ ዲለር ቤት ለተገዛ መኪና አይሠራም። በዲለሩ በኩል ከተበደራችሁ ደግሞ «ብድሩ በባንኩ ጸድቋል ወይስ ገና ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሳይጸድቅ ቁልፍ ሰጥተው፣ ከሳምንት በኋላ «ባንኩ እምቢ አለ፣ በከፍተኛ ወለድ እንደገና ፈርሙ» የሚሉ አሉ። ገና ከሆነ መኪናውን እዚያው ትታችሁ ሂዱ።

7. ዋስ ፈርምልኝ ስትባሉ

ክሬዲት የሌለው ዘመድ ኮሳይነር ይፈልጋል። ጠያቂውም ተጠያቂውም እንዲያውቁት፦ ኮሳይነር ምስክር አይደለም፣ ተበዳሪ ነው። ዋናው ሰው ካልከፈለ ሙሉው ዕዳ ይጠየቃል፣ ክሬዲቱም አብሮ ይበላሻል። መኪናው ላይ ግን ስሙ ታይትሉ ላይ ከሌለ መብት የለውም። በዚህ የተነሳ የተኮራረፉ ወንድማማቾች አውቃለሁ። መፈረም ካለባችሁ የአበዳሪውን አካውንት ኦንላይን የምታዩበት መንገድ ይኑራችሁ፤ ክፍያ ሳይከፈል ቀኑ ካለፈ በዛው ቀን እወቁ።

8. ከፈረማችሁ በኋላም መንገድ አለ

አዲስ መኪና ከሆነ፣ ለግል መጠቀሚያ ከሆነ፣ መጨረሻ የተገጣጠመውም አሜሪካ ውስጥ ከሆነ፣ ከ2025 እስከ 2028 ባሉት ዓመታት የከፈላችሁትን ወለድ በዓመት እስከ 10,000 ዶላር ድረስ ታክስ ከሚሰላበት ገቢ ላይ ማስቀነስ ይቻላል። ዓመታዊ ገቢ ከ100,000 ዶላር፣ አብረው ለሚያስታውቁ ባለትዳሮች ከ200,000 ሲያልፍ ጥቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል። ታክስ ለሚሠራላችሁ ሰው ንገሩት።

እኔ ከ14 ወር በኋላ ቁጭ ብዬ ሳሰላ 5,572 ዶላር ከፍዬ ዕዳው ገና 20,000 ነበር። ሰርቪስ ኮንትራቱን እንዲሰርዙልኝ በጽሑፍ ጠየቅኩ። ያልተጠቀምኩበት ጊዜ ተሰልቶ 2,000 ዶላር ገደማ ተመለሰ፤ ለእኔ ሳይሆን በቀጥታ ዕዳው ላይ። ቀሪውን 18,000 አንድ ክሬዲት ዩኒየን በ6.9 በመቶ፣ በ48 ወር ወሰደልኝ። ወርሃዊ ክፍያዬ ወደ 430 ዶላር ከፍ አለ። ቀርቶኝ የነበረው ግን 70 ወር ነበር።